ድንጋይ እንድታይ አልላክሁህም

ስቶርኖወይ፣ ሉዊስ ደሴት፣ ስኮትላንድ
ጥቅምት 7 ቀን 1988 ዓ.ም.

የሺዬ፣

ሰላምታዬ ከባሕር ማዶ ይድረስሽ፤ ኢየሩስንም ግንባሯን ሳሚልኝ። በባቡር ጣቢያው እንዳዘዝሽኝ ካፖርቴን አላወለቅሁም፣ ትኩስ ነገር በልቻለሁ፣ የልብ መድኃኒቴንም ውጫለሁ። ሦስቱንም ትእዛዝሽን ገና ከመጀመሪያው መስመር ስለመለስሁልሽ ከእንግዲህ ስለ እኔ አትጨነቂ።

መንገዱ ረጅም ነው። ከግላስጎው ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ሄድሁ፤ ከዚያ ኡላፑል ከምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ መርከብ ተሳፈርሁ። መርከቡ ሲናጥ አብረውኝ ያሉት ሰዎች ሻይ እየጠጡ ጋዜጣ ያነባሉ፤ የቅዱሳንን ስም ስጠራ የነበርሁት እኔ ብቻ ነኝ። ስንደርስ ዝናብ ነበር። የማድረው ሚስስ ማክላውድ የምትባል ባልቴት ቤት ነው፤ መንገደኛ እያሳደረች ነው የምትተዳደረው። ኢዩም ያደረው እዚሁ ነበር። የጀርባ ቦርሳውን ፖሊሶች ቢወስዱትም የተኛበትን አልጋ አሳየችኝ።

ፖሊሱ ዛሬ ጠዋት ነገሩን ከሥሩ ነገረኝ፤ ፍራንክፈርት ከደረሰን ወረቀት ብዙም አይለይም። ልጃችን ስለ ጥንታዊዎቹ ድንጋዮች ለዩኒቨርሲቲው ሊጽፍ መጥቶ፣ መስከረም 14 ቀን ጠዋት የምዕራቡን ዳርቻ በእግሩ ለማየት ወጣ፤ አልተመለሰም። ባለፈው ሳምንት በጎቹን ሊሰበስብ የወረደ ገበሬ አሸዋው ላይ የሰው ሬሳ አገኘ። የማን እንደሆነ አላወቁም። ነገ ወስደው ያሳዩኛል። ልቤ እሱ አይደለም ይለኛል። በዚህ ባሕር የሚያልቀው መርከበኛ ስንት ነው።

ቃል አስገብተሽኛል፤ አልረሳሁትም። ያየሁትን ሳልሸሽግ እጽፍልሻለሁ። እሱ ከሆነም አንቺ ሳትደርሺ አፈር አይነካውም። ስለዚህ የቆንስላውን ቀጠሮ፣ ቴርሚኑን፣ አጥብቀሽ ያዢ። ይኸውልሽ፣ ጀርመን አልሆንም ብለሽ በስደተኛ ፓስፖርትሽ ስትኮሪ ኖረሽ፣ እኔን በጀርመን ፓስፖርቴ ያለ ምንም ጥያቄ ያስገባኝ አገር አንቺን ቪዛ አምጪ ይልሻል። ለቀልድ ነው፤ እንዳትቆጪ።

ለምን አትደውልም ማለትሽ አይቀርም። የሚስስ ማክላውድ ስልክ ያለው ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ሴትዮዋ ደግሞ ከምድጃው አትለይም። ለአስቸኳይ ነገር እደውላለሁ፤ ለሌላው ወረቀት ይሻለናል።

እንዳሻው


ስቶርኖወይ
ጥቅምት 9 ቀን 1988

የሺ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። አየሩም ትናንት ከሰዓት በኋላ ጸድቶ ነበር። እዚህ ሰማዩ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ ጠዋት አመድማ የነበረው ቀትር ላይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ይሆናል፣ ከዚያ ደግሞ ከየት መጣ ሳይባል ይጠቁራል።

ያ ነገር ገና ነው። የሚያሳየኝ ሐኪም ወደ ዋናው ምድር ተሻግሯል። ለማንኛውም ከባሕር የወጣ ሰው በመልክ ብቻ አይለይም፣ የጥርስ ራጅ ያስፈልጋል ብለውኛል። ኢዩ በልጅነቱ ጥርሱን ያሳሰረበት፣ በርገር ሽትራሰ ላይ ያለው ሐኪም አስቀምጦት ይሆናል። ተቀብለሽ በፈጣን ፖስታ ላኪልኝ። ለወጉ ያህል ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።

እስከዚያ ሥራ ፈትቼ ከምቀመጥ ደሴቱን ላስጎብኝሽ። ዛፍ የሚባል ነገር የለም። ምድሩ ጥቁር ረግረግ ነው፤ ሰዉ ጭቃውን እንደ ጡብ እየቆረጠ ያደርቅና በማገዶ ፋንታ ያነደዋል። ጭሱ ሹራቤ ውስጥ ገብቷል። ካላኒሽ ወደሚባለው ቦታ የፖስታ መኪና ወሰደኝ። ከሰው ቁመት የሚበልጡ ድንጋዮች ኮረብታ ላይ ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ መሀላቸው ከሁሉ የሚረዝም አንድ ድንጋይ አለ። ከግብፅ ፒራሚዶች በፊት የቆሙ ናቸው ይላሉ። ማን እንዳቆማቸውና ለምን እንዳቆማቸው በእርግጥ የሚያውቅ የለም። ቀርበሽ ስታዪው ድንጋዩ ጅማት አለው፣ ነጭና ጥቁር። ፀሐይ በወጣበት በኩል እጄን ሳሳርፍበት ሞቅ አለኝ። ልጆቹን ይዘን አገር ቤት የገባን ጊዜ ያየናቸውን የጥያን ድንጋዮች አስታወሰኝ። ኢዩ መኪና ውስጥ አልገባም፣ ሁሉንም ሳልስል አልሄድም ብሎ ያስቸገረን ጊዜ። ጥያ ግን... ተዪው፣ የጥያ ነገር ሌላ ነው።

ስለ ቴርሚኑ አስቤበታለሁ። ብትሰርዢው ይሻላል። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ከሥራ ቀርተሽ ቆንስላ በር ላይ የምትቆሚው ለምንድን ነው? መምጣት ካስፈለገሽ ያኔ እናስብበታለን።

ጎረቤታችን እትዬ ኣበባ ሰሞኑን እናንተ ጋ ብታድር ደስ ይለኛል። ኢየሩስ ፈተና ላይ ናት፤ አንቺም በአረጋውያን ቤቱ፣ በአልተንሃይሙ፣ ሽማግሌዎች ስታነሺና ስታስተኚ ውለሽ ደክመሽ ነው የምትገቢው። ብቻሽን አትሁኚ። የደም ግፊትሽንም ተለኪ።

እንዳሻው


ፍራንክፈርት፣ ቦርንሃይም
ጥቅምት 15 ቀን 1988

እንዳሻው፣

ሰላምታው ይቆየን። ድንጋይ እንድታይ አልላክሁህም።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብሁት። አብረን ስንኖር ስለ ሰማይ አንድም ቀን አውርተህ አታውቅም። ጻይልስሃይም ማዶ ካለው ፋብሪካ ላቦራቶሪ ቀለም ስትቀምም ውለህ ስትመጣ፣ መጋረጃው ምን ዓይነት ይሁን ብዬ ብጠይቅህ እንኳ "የፈለግሽውን" ነው መልስህ። አሁን ደርሶ ሰማዩ አመድማ ሆነ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ጠቆረ ትለኛለህ። ማን አስተማረህ?

ሰኞ ማታ ደውለህ ነበር። ኢየሩስ አንስታ ጥቂት አወራችህና "ፓፓ ነው፤ ስለ ዝናብ ነው የሚያወራው" አለችኝ በጀርመንኛ። እጄን አድርቄ እስክደርስ ዘግተሃል። ከዚያ ወዲህ አልደወልህም። ሴትዮዋ ወጥ ቤት ውስጥ ብትቀመጥ ምን አገባት? አማርኛ ትሰማለች? እኔ ግን ድምፅህን እሰማለሁ፤ የሸሸኸው እሱን ነው።

ራጁን ልኬልሃለሁ። የሐኪሙ ረዳት "ኢዩ አዲስ የጥርስ ሐኪም አገኘ እንዴ?" አለችኝ። አዎ አልኋት። በትልቅ ፖስታ ሰጠችኝ፤ ቤት እስክደርስ አልቻልሁም፣ ዳቦ ቤቱ ፊት ቆሜ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጌ አየሁት። ያ ከታች በስተግራ ዞር ብሎ የበቀለው ጥርሱ አለ። ሲስቅ በእጁ የሚሸፍነው። ሰው እያየኝ መሆኑን ሳውቅ መልሼ ከተትሁት።

እትዬ ኣበባ ትደር ብለሃል። ለምንድን ነው የምታድረው? ሰው ቤት ሰው እንዲያድር የሚለመነው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እዚሁ ቦርንሃይም ውስጥ ለስንቱ ቤት እኔ ራሴ አድሬ የለ? የጥያም ድንጋይ መቃብር ላይ የቆመ መሆኑን አውቃለሁ፤ አስጎብኚው ሲናገር አጠገብህ ነበርሁ። ግን አልገባኝም ብዬ ልለፈው። ሳይነግሩት የሚገባው ሰው ሟርተኛ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፤ ስለ ሰማዩ ሳትጽፍ በአንድ ቃል መልስልኝ። ልምጣ?

ካፖርትህን አታውልቅ።

የሺወርቅ


ስቶርኖወይ
ጥቅምት 20 ቀን 1988

የሺ፣

ስለተቆጣሽ አልከፋኝም፤ እንኳን ተቆጣሽ። ዝም ብትዪ ነበር የምፈራው። ባለመደወሌ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሰሞኑን ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ዘግቶ ነበር።

ለጠየቅሽኝ መልሱ፦ አትምጪ። አሁን አይደለም። ወጀቡ ከባድ ነው፤ ባለፈው ሳምንት መርከቡ ሳይነሳ ያደረበት ቀን አለ። ራጁ ደርሷል፣ ተቀብለው ወደሚመለከተው ክፍል ልከውታል። ነገሩ በሥርዓቱ እየሄደ ነው። እዚህ ያሉት ሰዎች ጨዋዎች ናቸው፤ ለመቸኮል ግን አይቸኩሉም።

እሑድ ዕለት በደሴቱ የሚሠራ ነገር የለም። ሱቅ ዝግ ነው፣ መርከብ አይነሳም፣ ልብስ እንኳ ገመድ ላይ አይሰጣም። ሚስስ ማክላውድ የእሑዱን ምግብ ቅዳሜ ሠርታ ታሳድራለች። እናትሽ ሰንበትን እንዲህ የሚያከብር ሕዝብ ቢያዩ፣ እምነታቸው የእኛ ባይሆንም መርቀው አይጠግቡም ነበር።

ሰኞ ወደ ምዕራቡ ዳርቻ ሄድሁ። ድርብ ግድግዳ ያለው ክብ የድንጋይ ግንብ አለ፣ ግማሹ ፈርሷል፤ ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ። በግድግዳዎቹ መሀል ደረጃ አለው። ከዚያ ወርዶ ባሕሩ ነው። የሺ፣ እንዲህ ያለ ዳርቻ አይቼ አላውቅም። አሸዋው ነጭ ጤፍ ይመስላል፤ ውሃው ሲገባ አረንጓዴ፣ ሲርቅ ሰማያዊ ነው። ማዕበሉ ሲመለስ አሸዋው ላይ መስመር መስመር ትቶ ይሄዳል። ሰው የለም። በጎች ብቻ እስከ ውሃው ድረስ ወርደው የባሕር ሣር ይበላሉ። እዚያ ብዙ ሰዓት ቆየሁ።

በነገራችን ላይ የአንድ ሽማግሌ ቀብር አየሁ። ልማዳቸው ለእኛ ሰው ይገርማል። ሳጥኑን በመኪና አይወስዱትም፤ ወንዶቹ መንገዱን ሙሉ እየተፈራረቁ ይሸከሙታል። ሁለት ከፊት ገብተው ይሸከማሉ፣ ሁለት ከኋላ ይወጣሉ፤ ማንም ሳይሸከም አይቀርም። ሴቶች ግን ከቤቱ ደጃፍ አያልፉም። ሚስትም ብትሆን፣ እናትም ብትሆን በሩ ላይ ቆማ ትሸኝና ትመለሳለች። መጀመሪያ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ምናልባት ይሻል ይሆናል አልሁ። ከሁሉ የከፋውን አታይም ማለት ነው።

ቴርሚኑን ሰርዘሽው ይሆናል ብዬ አስባለሁ። እትዬ ኣበባ ታድራለች ወይ? አልነገርሽኝም።

እንዳሻው


ፍራንክፈርት
ጥቅምት 25 ቀን 1988

እንዳሻው፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? ጉንፋኑ ለቀቀህ? ማርና ዝንጅብል ካገኘህ ጠጣበት። እኛ ደህና ነን። ኢየሩስ ፈተናዋን ጨረሰች። እትዬ ኣበባ ከሐሙስ ጀምሮ እዚህ ናት፤ አልጠራኋትም፣ ራሷ ትራሷን ይዛ መጣች። ሌሊት ስገላበጥ "ውሃ ልስጥሽ?" ትለኛለች። እሷም አትተኛም ማለት ነው።

ስለ ቴርሚኑ አታስብ።

ትናንት ሥራ አልገባሁም፤ ምክንያቱን አትጠይቀኝ። ከትናንት በስቲያ ደግሞ ከአልተንሃይም ስመለስ በርገር ሽትራሰ ላይ ኑርያን አየኋት። ልጅ በወለድሁ ቁጥር ገንፎ ያገነፋችልኝ ኑርያ። ሳትስመኝ አልፋኝ የማታውቅ ሴት እኔን ስታይ ፊቷን አዙራ መንገድ ተሻገረች። ምን አደረግኋት ብዬ ቤት ድረስ ሳስብ መጣሁ። ሰው ሲሸሽ የሚሸሸው ያጠፋ ሰው ብቻ አይደለም።

ባለፈው ስለ ድንጋዩ ስለተቆጣሁህ ይቅር በለኝ። ስለ ባሕሩ ዳርቻ ደግመህ ጻፍልኝ። የዚያን ሰዓት የተቻኮልህ ትመስላለህ፤ ብዙ ነገር አልፈሃል። አሸዋው ሲረግጡት ይሰምጣል ወይስ ጠንካራ ነው? ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ነው? በጎቹ ብቻ ናቸው ወይስ ወፍም አለ? ወፎቹ ምን ይበላሉ? ያ ገበሬ ቤቱ ቅርብ ነው? ሌሊት መብራቱ ከዳርቻው ይታያል ወይስ ጨለማ ነው? ሰውዬው ራሱ ምን ዓይነት ሰው ነው? አነጋግረኸዋል? ልብስ ነገር ጣል አድርጎበት እንደሆነ ጠይቅልኝ።

ሌላ የምጠይቅህ የለኝም። እንደ ድሮህ አድርገህ በአጭሩ ብትጽፍልኝ እወዳለሁ።

የሺወርቅ


ስቶርኖወይ
ጥቅምት 30 ቀን 1988

የሺ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ሰዎቹ ቀድመውት መጥተዋል። የእድራችንን ሽማግሌ፣ ጋሽ ዘርኣማርያምን፣ ትናንት ማታ በስልክ አግኝቻቸዋለሁ፤ አባ ኪዳነን ይዘው ቅዳሜ በማለዳ እንመጣለን ብለውኛል። ስለዚህ መርዶውን እኔ አልጽፈውም። እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ እኔንም ያጽናኝ።

ያየሁት የመጀመሪያውን ደብዳቤ በጻፍሁልሽ በማግሥቱ ነው። ሐኪሙ የትም አልተሻገረም ነበር። በሩን ሲከፍቱት አወቅሁት። በምን አወቅኸው አትበዪኝ። ማዕበል ከድንጋዩ ላይ ወስዶት ነው ይላሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚደርስ ነገር ነው አሉኝ። ከዚያ በኋላ ባሕሩ ያደረገውን አልነግርሽም። አንቺ ክፈቱልኝ፣ ፊቱን ልሳመው እንደምትዪ አውቃለሁ፤ ማንስ ይከለክልሻል? እኔ ይኸው ዓይኔን በጨፈንሁ ቁጥር የማየው ያንን ነው፤ የሚስቀው ልጄ እንቢ ብሎኛል፣ አይመጣልኝም። አንቺ ዘንድ ግን እንዳለ አለ። እሱን ልወስድብሽ አልፈለግሁም።

የዚያኑ ቀን ለጋሽ ዘርኣማርያም ደወልሁላቸው። "እንዲህ ያለው ነገር በደብዳቤ አይነገርም፣ በስልክም አይነገርም። የልጅ መርዶ በማለዳ፣ በሰው ፊት ነው። እስከዚያ አደራ፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጥህ" አሉኝ። እኔም የማውቀው ይህንኑ ነው። አባቴ ሲሞት ለእናቴ የተነገራት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነበር፤ ማንም ክፉ አደረጋችሁ አላለም። ቴርሚኑን ሰርዢ ያልሁሽም ለዚህ ነው። ቪዛውን ይዘሽ፣ ብቻሽን በአውሮፕላን፣ በዚያ መርከብ፣ ልብሽ እያወቀ አፍሽ ሳይናገር ስትመጪ ታየኝና አልቻልሁም።

የራጁ መልስ ማክሰኞ ተመለሰ። ፍራንክፈርት ልውሰደው ብል ሳጥኑ በአንቺ ፊት ይከፈታል። ስለዚህ የደሴቱ ቄስ ቦታ ሰጠን፤ ትናንት ሐሙስ ቀበርነው። ከባሕሩ ከፍ ብሎ፣ ሣሩ ውስጥ ነው። ስሙን እንኳ በቅጡ መጥራት የማይችሉ ወንዶች ሥራቸውን ትተው መጥተው እየተፈራረቁ ተሸከሙልኝ። በራሱ በኩል የያዝሁት እኔ ነኝ። በቋንቋቸው መዝሙረ ዳዊት ዘመሩለት። ያለቀሰ የለም፤ እኔም አላለቀስሁም። ያ ገበሬ መጥቶ ነበር። ጠይቅልኝ ያልሽኝን ጠየቅሁት፤ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከመውጣታችን በፊት ነው። ካፖርቱን አልብሶታል።

ሚስስ ማክላውድ ሳጥኑ ሲወጣ በሩ ላይ ቆማ "እናቱ ታውቃለች ወይ?" አለችኝ። አዎ አልኋት።

ድንጋዩን ቀርጸው እስኪጨርሱ ሁለት ሳምንት ያህል እዚሁ እቆያለሁ። ስሙን በአማርኛም ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ። የምትዪኝን ሁሉ እቀበላለሁ።

እንዳሻው


ፍራንክፈርት
ኅዳር 8 ቀን 1988

እንዳሻው፣

እግዚአብሔር ያጽናህ። ይህንን ለማንም ሰው እላለሁ፤ ለአንተም ብያለሁ።

ቅዳሜ በማለዳ መጡ። ደወሉ ሲደወል ለብሼ ተቀምጬ ነበር፣ ጥቁሬን። በሩን ስከፍት ጋሽ ዘርኣማርያም ልብሴን ከላይ እስከ ታች አዩት። "ማን ነገረሽ?" አሉኝ። ማንም አልነገረኝም፣ እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ አልኋቸው። እንደሚገባው ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀስሁት። ከዚያ በፊት አልቻልሁም፤ ያልተነገራት እናት በምን አፏ ታለቅሳለች? ሽማግሌዎቹን እያጠብሁ፣ እያለበስሁ፣ ሾርባ እያጎረስሁ ያንን ሁሉ ጊዜ ይዤው ዞርሁ።

ጩኸቴን ሰምተው ላይ ያሉት ጀርመኖች ፖሊስ ጠሩ። ሁለት ወጣቶች ከነመሣሪያቸው በሩን አንኳኩ። ኢየሩስ ወጥታ "ማይን ብሩደር ኢስት ቶት" አለቻቸው። ወንድሜ ሞቷል ስትል የሰማኋት ያኔ ነው። ልጄ ለእኔ ሳትለው ለፖሊስ አለችው። እሷም እንደ አንተ ተመክራ ነበር። ሁላችሁም ታውቁ ነበር፤ ኑርያ ታውቅ ነበር፣ ትራሷን ይዛ የመጣችው ኣበባ ታውቅ ነበር። ቦርንሃይም ውስጥ የማታውቅ ሐበሻ እናቱ ብቻ ነበረች።

ቴርሚኑን አልሰረዝሁትም። ቪዛው የተመታልኝ ማክሰኞ ነው። አንተ የራጁን መልስ በተቀበልህበት ቀን፣ እኔ ፓስፖርቴን ይዤ ከቆንስላው ወጣሁ። ሻንጣዬ ከተዘጋጀ ሰንብቷል፤ የአውሮፕላኑንም ሰዓት ጠይቄ ነበር። ረቡዕ ብነሳ ሐሙስ እደርስ ነበር። ለምን አልመጣሽም ትለኝ ይሆናል። እንዴት ልምጣ? መሞቱ ያልተነገራት እናት ጥቁሯን ይዛ ለልጇ ቀብር ከተነሳች በልጇ ላይ አሟረተች ማለት ነው። በሕይወት ካለ በእኔ እግር ሞት ይገባበታል ብዬ ፈራሁ። ልቤ አውቆ ነበር፤ እግሬ ግን የአንተን ቃል ይጠብቅ ነበር። ልምጣ? ብዬ ጠየቅሁህ። ነይ ብትለኝ ይበቃ ነበር፤ ሞቷል ማለት እንኳ አያስፈልግህም። አንተ ስለ አሸዋ ጻፍህልኝ።

ያየሁትን አንቺ እንዳታዪ ብዬ ነው ትላለህ። ማን ጠየቀህ? በአልተንሃይም ስንቱን ሬሳ አጥቤ ገንዣለሁ፤ የእኔን ልጅ ነው የምፈራው? ፊት ባይኖረው እግሩን እስመው ነበር። ባሕሩ የወሰደውን ወሰደ፤ የተረፈው የእኔም ነበር። አርባው ቅዳሜ አለፈ፣ አንተ እያወቅህ። እኔ ሥራ ያልገባሁት ያን ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ ሄጄ፣ ስሙን ለማን እንደምሰጥ፣ ለምን ብዬ እንደምሰጥ ጠፍቶኝ ከደጁ ተመለስሁ። አንተ ደግሞ ክርስትና ስሙ ሳይጠራ፣ ያለ ፍትሐት አስተኛኸው።

ገበሬውን አመስግንልኝ። ለሚስስ ማክላውድም እውነቱን ንገራት፤ እናቱ አታውቅም ነበር በላት። እንዳይመስላት። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ የቀረሁ እንዳይመስላት።

ማክሰኞ ሳምንት ከኢየሩስ ጋር እመጣለሁ፤ እስከ ሰማንያው እቆያለሁ። አባ ኪዳነ ለዕለቱ ይደርሱልኛል። ፍትሐቱ በክርስትና ስሙ፣ መቃብሩ ላይ ይደረጋል። የነሱ ሴቶች ከደጃፍ ይመለሱ ይሆናል፤ እኔ እሄዳለሁ፣ ጮኼም አለቅሳለሁ፣ ፖሊስም ይጥሩ።

አንተ ያለ እኔ ቀበርኸው፤ እኔም ያለ አንተ አለቅሰዋለሁ። ከመድረሴ በፊት ከዚያ ውጣ። የቤቱን ቁልፍ ለእትዬ ኣበባ ሰጥቻታለሁ።

የሺወርቅ